ድካሙ ሲጠየቅ ሌሊቱም ይጠየቅ
(ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ስለ መኖር የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ኤምኤስ የሚሉት የነርቭ ሕመም፣ ብዙ መልክ አለው። አንዱን ያነክሰዋል፣ የሌላዋን ዐይን ያደበዝዛል፣ የሦስተኛውን እጅ ያደነዝዛል። ታማሚዎቹ ግን «ኑሮህን አብዝቶ ያጎደለብህ የቱ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚያነሡት ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። ድካሙን ነው። ከአራት ታማሚዎች ሦስቱ ያህል፣ በአንዳንድ ጥናት ከዚያም የሚበልጡት፣ ይህ ድካም አለባቸው። ለመራመድ የማይቸገሩ፣ መልካቸው ያልተለወጠ፣ ሲያዩዋቸው ምንም የማይመስሉ ሰዎች ሥራቸውን የሚለቁት ብዙ ጊዜ በዚሁ የተነሣ ነው።

ስለማይታይ ደግሞ አይታመንም። «ምን ሠርታ ነው የደከማት?» ይባላል። «ሁላችንም እንደክማለን፤ ተነሥተህ ብትንቀሳቀስ ይለቅሃል» ይባላል። እንዲህ የሚሉት ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወዱን ሰዎች ናቸው። የዛሬው ንግግሬ ለእነርሱም ነው። ለታማሚው ግን አንድ ለየት ያለ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ድካሙ የሕመሙ ነው ብሎ መቀበል ትክክል ነው፤ ሁሉም የሕመሙ ብቻ ነው ብሎ እጅ መስጠት ግን ትክክል አይደለም። በዚህ ድካም ውስጥ ተለይተው ሊታወቁና ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች ተደብቀዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ያሉት ሌሊቱ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪስ የሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ ይህን ሕመም ከሌሎች ለይቶ አስተማረ። ዛሬ የምናውቀው እንዲህ ነው። የነርቭ ጭራዎቻችን ማይሊን በሚባል ቅባትነት ባለው ሽፋን ተጠቅልለዋል። ሽፋኑ ያለው ነርቭ መልእክቱን በሰከንድ መቶ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ያስተላልፋል፤ ሽፋን የሌለው ቀጭን ነርቭ ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። በኤምኤስ ሰውነትን ከተሕዋስያን ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የአንጎልን፣ የሕብለ ሰረሰርንና የዐይን ነርቭን ማይሊን ያጠቃል። ያን ጊዜ መልእክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀራል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ በሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛል። ዓለም አቀፉ የኤምኤስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር።

ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ይበዛል፣ እንደ እኛ ባለው ቀጠና ያንሳል። ሆኖም ያንሳል ማለት የለም ማለት አይደለም። የአንጎልን ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ በየከተማው በማይገኝበት አገር ሕመሙ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በልጅነታቸው ሕመሙ ወደሚበዛበት አገር የተሰደዱ ሰዎች ደግሞ የሄዱበትን አገር ዕጣ ወደ መጋራት እንደሚያደሉ የስደተኞች ጥናቶች አሳይተዋል። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ ልጅ የሚያሳድግ ወገናችን ስለዚህ ሕመም ቢያውቅ አይጎዳም።

አሁን ወደ ድካሙ እንግባ። ጤነኛ ሰው ሲደክመው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ሠርቷል፣ አምሽቷል፣ መንገድ ሄዷል። ተኝቶ ሲነሣም ይለቀዋል። የኤምኤስ ድካም ግን ያለ ምክንያት ይመጣል። ጠዋት ስትነሣ ሊኖር ይችላል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይከብዳል፤ በተለይ ከምሳ በኋላ። ቃል ይጠፋል፣ የጀመሩት ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ይቆማል፣ ሒሳብ ይምታታል፣ እግር ይጎተታል። አንጎል ሥራ ላይ እያለ በሚነሣ ኤምአርአይ የተደረጉ ምርመራዎች የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ፦ ኤምኤስ ያለበት ሰው ሌላው በጥቂት የአንጎል ክፍል የሚሠራውን ቀላል ሥራ ሲሠራ ሰፋ ያለ የአንጎል ክፍል ይጠቀማል። የተጎዳውን መንገድ ትቶ በሌላ በኩል ይዞራል ማለት ነው። እጅን አንሥቶ ጣትን ማንቀሳቀስም ከሌላው ሰው የበለጠ ዋጋ ያስከፍለዋል። «ምን ሠርታ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ሳትታይ ብዙ ሠርታለች።

ሌላው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዐይን ሐኪም ታማሚዎቹ ሰውነታቸውን ካንቀሳቀሱ በኋላ ዕይታቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ ጻፈ። ኋላ እንደታወቀው ዋናው ምክንያት የሰውነት ሙቀት መጨመር ነው። ማይሊኑ የተጎዳ ነርቭ ሙቀት በጥቂቱ ሲጨምርበት መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ሕመሙን ለማረጋገጥ ታማሚውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር፤ ምልክቱ ከባሰበት ኤምኤስ ነው ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ያህል አይደለም። በእኛ ዘንድ የሚያመው ሰው ፍልውሃ ይላካል፤ ወንዶ ገነትም ሶደሬም ይሄዳል። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ሙቅ ውኃ ደስ ይላል። ኤምኤስ ያለበት ሰው ግን ሙቅ ገንዳ ውስጥ ገብቶ መነሣት ሊያቅተው፣ እዚያው ሊወድቅ ይችላል። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይመለሳል፤ ነርቩ ላይ አዲስ ጉዳት አልደረሰም። አደጋው መውደቁ፣ ውኃ ውስጥ ከሆነም ከዚያ የከፋው ነው። ብቻውን እንዳይገባ፤ ከቻለም ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ።

ከሰዓት በኋላ ድካሙ የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም የሰውነት ሙቀት በዚያን ሰዓት በተፈጥሮው ከፍ ማለቱ ነው። እንጀራ መጋገር ያለባት እናት ጠዋት በማለዳ፣ መስኮት ከፍታ ብትጋግር እኩለ ቀን ላይ ምጣድ ፊት ከመቆም በብዙ ይሻላታል። ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት፣ አንገትና የእጅ አንጓን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ስስ የጥጥ ልብስ መልበስ ይረዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋው የሚሠሩ እኅቶችና ወንድሞች ከሁሉ በላይ ይህን ልብ ሊሉ ይገባል። ድንገት ድካሙ ከወትሮው እጅግ ከባሰ ደግሞ ትኩሳት መኖሩን ለኩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በኤምኤስ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ሲሸኑ ሳያቃጥልም አቅም ብቻ ሊያሳጣ ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ ሐኪም ሊመረምራቸው የሚገቡ የተለመዱ ነገሮች አሉ፦ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ። መድኃኒቶችም አሉ። የጡንቻ መወጠርን የሚያላሉት ባክሎፌንና ቲዛኒዲን ያፈዝዛሉ፤ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም እንዲሁ። ይህን ስትሰሙ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ባክሎፌንን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። የሚወስዱበትን ሰዓትና መጠን ማስተካከል ግን ብዙ ሊለውጥ ይችላልና ያዘዘላችሁን ሐኪም አነጋግሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜዬ የሌሊቱ ነው።

በሰሜን ካሊፎርኒያ ከ2,300 በላይ ኤምኤስ ያለባቸው ሰዎች ስለ እንቅልፋቸው ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከ70 በመቶ የሚበልጡት ቢያንስ የአንድ የእንቅልፍ ችግር ምልክት ታየባቸው። ይበልጥ የሚያሳዝነው አብዛኞቹ ይህ ችግር እንዳለባቸው በሐኪም ተነግሯቸው የማያውቁ መሆናቸው ነው። የሚኖሩት ሕክምናው በዳበረበት አገር ነው። ሐኪማቸው ስለ እግራቸው፣ ስለ ዐይናቸው፣ ስለ ኤምአርአያቸው ጠይቋቸው ይሆናል። እንዴት እንደሚያድሩ ግን ብዙዎቹን የጠየቃቸው ያለ አይመስልም። እነርሱም «ኤምኤስ ስላለብኝ ነው የሚደክመኝ» ብለው ዝም ብለው ይሆናል።

ሌሊቱን የሚሰብሩት ነገሮች ብዙ ናቸው። በጣም የተለመደው ሽንት ነው። ከአንጎል ወደ ፊኛ የሚወርደው መንገድ ስለሚጎዳ ፊኛው ትንሽ እንደያዘ ይጨመቃል። ሰውየው ሦስቴ አራቴ ይነሣል፤ በጨለማ እየተደናቀፈ ይሄዳል፤ ተመልሶ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ብዙዎች መፍትሔ ነው ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ያበሳጫል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ድርቀትም ያስከትላል። ውኃውን ጠዋትና ቀን በደንብ ጠጥቶ ከእራት በኋላ መቀነስ ነው የሚሻለው። ይህ ካልበቃ የፊኛን መጨመቅ የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ። እስኪስተካከል ድረስ ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ ትንሽ መብራት ይደርና ምንጣፍና ሽቦ ከመንገድ ይነሣ። በሌሊት ወድቆ ዳሌን መስበር ከማንኛውም ድካም ይከፋል።

ሁለተኛው የእግር ነገር ነው። ማታ ጋደም ሲሉ እግር ውስጥ የሚንቀሳቀስ፣ የሚስብ፣ ለመግለጽ የሚያስቸግር ስሜት ይጀምራል፤ ሲያንቀሳቅሱት ይተዋል፣ ሲያሳርፉት ይመለሳል። ሰው ተነሥቶ ክፍል ውስጥ ይንጎራደዳል። በጣሊያን ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ሥራ ኤምኤስ ካለባቸው ሰዎች 19 በመቶው ይህ ችግር ሲገኝባቸው፣ ከሌላቸው መካከል የተገኘበት 4.2 በመቶው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ለሐኪም አይናገረውም፤ እንግዳ ነገር ስለሚመስል ያፍራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዚህ ነው። በሰውነት ውስጥ የተከማቸ ብረት ማነስ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። የደም ማነስ ባይኖርም የፌሪቲን መጠን ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ብረት መውሰድ ሊረዳ ይችላል። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙ የሚያስተኙ የአለርጂና የጉንፋን ክኒኖች ግን ይህን የእግር ችግር ያብሱታል። እንቅልፍ ፈልጎ የዋጠው ክኒን እንቅልፉን ሲነሣው ሰው ሌላ ክኒን ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ነው መቆም ያለበት። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም ያባብሱታል፤ እነዚህን በሐኪም ምክር መለወጥ ይቻላል።

ከዚህ የሚለየው የጡንቻ መወጠር ነው። ሌሊት እግር በድንገት ይገተራል ወይም ይኮማተራል፣ ያማል፣ ያነቃል። ከመተኛት በፊት ባትና ጭንን ቀስ ብሎ መሳብ፣ የዕለቱን የመጨረሻ የጡንቻ ማላያ መድኃኒት ወደ መኝታ ሰዓት ማስጠጋት ብዙዎችን አሳርፏል። ሁለቱን ለሐኪም ለይቶ መንገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ካልተንቀሳቀስኩ የሚያሰኝ ፍላጎት ነው፣ ሁለተኛው ሳይፈልጉ የሚመጣ መወጠር ነው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው፤ ባለቤቱ ስለማያውቀው። በእንቅልፍ ላይ ጉሮሮ ይዘጋና ትንፋሽ ለአሥርና ለሃያ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆማል። አንጎል በድንጋጤ ያነቃዋል፤ ሰውየው አንዴ አንኮራፍቶ ይተነፍስና መልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ፣ በከባድ ሁኔታ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ጠዋት ሰውየው «ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ግን አላረፈም። ኤምኤስ የትንፋሽ መቆጣጠሪያ በሚገኝበት በአንጎል ግንድ ላይ ጉዳት ካደረሰ ችግሩ ሊብስ ይችላል። ማንኮራፋት፣ ጠዋት ራስ ምታት፣ በአፍ ድርቀት መንቃት፣ ቀን ተቀምጦ ማንቀላፋት ምልክቶቹ ናቸው። ወፍራም ሰው ብቻ የሚይዝ እንዳይመስላችሁ። በተለይ ማንቀላፋቱን ልብ በሉ። የኤምኤስ ድካም ያለበት ሰው አቅም ያጣል እንጂ የግድ እንቅልፍ አይጥለውም። መኪና እየነዳ ወይም ወሬ እየሰማ ዐይኑ የሚከደን ከሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ይመርመር። ሕክምናው በሚገኝበት አገር ሌሊት አየር እየገፋ ጉሮሮን የሚከፍት መሣሪያ ይሰጣል። መሣሪያው ባይገኝም በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስና ማታ አልኮል መተው የሚረዳቸው ብዙ ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው የእንቅልፍ ክኒን መስጠት ግን ትንፋሹን የባሰ ሊያዳክምበት ይችላል።

አራተኛው ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር እንቅልፍ መጥፋቱ ነው። ሰው ጨለማ ውስጥ ሰዓት እየቆጠረ፣ «ነገ እንዴት እውላለሁ» እያለ ይገላበጣል። ጭንቀትና ድባቴ እዚህ ይገባሉ፤ እነርሱም በኤምኤስ ይበዛሉ። ሕመሙ ሲያገረሽ በደም ሥር የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎንም ለቀናት እንቅልፍ ይነሣል፤ በጠዋት እንዲሰጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለሰነበተ እንቅልፍ ማጣት የዓለም የሕክምና መመሪያዎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስቀምጡት ክኒን አይደለም። የሐሳብና የልማድ ሕክምና የሚሉት ነው፤ ፍሬ ነገሩ ደግሞ ማንም ሊሞክረው የሚችል ነው። በየቀኑ፣ በበዓልም በእሑድም፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት። እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ውስጥ አለመግባት። ሃያ ደቂቃ ያህል ጋደም ብለው እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥቶ ሌላ ቦታ በደብዛዛ መብራት ጸጥ ያለ ነገር መሥራትና ሲያንቀላፋ መመለስ፤ እግር የሚደክመው ሰው እንዳይወድቅ አልጋው አጠገብ ወንበር ያዘጋጅ። አልጋን የእንቅልፍ ብቻ ማድረግ፤ ስልክ፣ ዜናና ሒሳብ ከአልጋ ይራቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ሰው ጭራሽ የባሰበት ይመስለዋል። ጸንቶ የቀጠለ ግን ብዙውን ጊዜ ይጠቀማል።

ቡናን ሳላነሣ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ካፌይን ገብቶ ግማሹ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከመተኛታቸው ስድስት ሰዓት አስቀድመው 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከእንቅልፋቸው አንድ ሰዓት በላይ ተቀንሶባቸዋል። በእኛ ቤት አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጠጣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የቡናውን ወግ ተዉ አልልም፤ ጎረቤት የሚገናኝበት፣ የታመመ ሰው ከቤት የሚወጣበት ነው። ወጉን ጠዋት አድርጉት፤ ካልሆነም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ለሕመምተኛው የጤና አዳም መዓዛ ያለበት ሙቅ ውኃ ይቀዳለትና አብሮ ይቀመጥ። «አንዴ ብቻ ቅመሺ» የሚለውን ልመና ደግሞ ባለቤቶቹ ይተዉት። ጫት ግን ከዚህ ጋር አይቆጠርም፤ ድካምን ለሰዓታት ይሸፍናል፣ ሌሊቱን ይወስዳል፣ በማግሥቱ ዕዳውን በእጥፍ ያስከፍላል። ኤምኤስ ያለበት ሰው አቅም አገኘሁ ብሎ ባይጀምረው እለምናለሁ።

ከሰዓት በኋላ ማረፍስ? ይፈቀዳል፣ ይመከራልም። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይሁን፤ ከ9 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ። ሁለት ሰዓት የተኛ ሰው የሌሊቱን ድርሻ ነው የበላው።

«ለድካሙ መድኃኒት የለም?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ለዓመታት ሲታዘዙ የኖሩት አማንታዲን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት ናቸው። በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥንቁቅ ሙከራ 141 ታማሚዎች ሦስቱንም መድኃኒቶችና ምንም የሌለበት ክኒን በየተራ እንዲወስዱ አደረገ። በአማካይ ሦስቱም ባዶውን ክኒን አልበለጡትም፤ የጎንዮሽ ጉዳት ግን በዝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ሞዳፊኒልን፣ በስልክ የሚሰጥ የሐሳብና የልማድ ሕክምናን፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አወዳደረ፤ የሦስቱም ወገን ታማሚዎች በተቀራራቢ መጠን ተሻሻሉ። መድኃኒቶቹ አንዳንድ ሰው ይረዱ ይሆናል፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መሞከር ነውር የለበትም። ከውጭ አገር ዘመድ አስልኮ በራስ ፈቃድ መዋጥ ግን ገንዘብንም እንቅልፍንም ማባከን ነው።

ስለ እንቅስቃሴም ለረጅም ጊዜ የተሳሳተ ምክር ይሰጥ ነበር። ታማሚው እንዳይደክም ተብሎ ከስፖርት ይከለከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ታማሚዎችን ለ15 ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 40 ደቂቃ አሠራቸው። ልባቸውና ጡንቻቸው በረታ፣ መንፈሳቸው ተሻለ፣ ሕመማቸውም አልባሰም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙ ጥናቶች ልክ ያለው እንቅስቃሴ ድካምን እንደሚቀንስ ያሳያሉ። በጠዋቱ ብርድ አሥር ደቂቃ በእግር በመሄድ ይጀመር፤ በየሳምንቱ ትንሽ ይጨመር። በማግሥቱ አልጋ ላይ የሚጥል ከሆነ በዝቷልና ይቀነስ።

ያለን አቅም ልክ እንደ ወር አስቤዛ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያራገፈው ቤት ወሩን አይዘልቅም። ታማሚው ደህና በሆነበት ቀን ያመለጠውን ሁሉ ልሥራ ብሎ ልብስ ያጥባል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ቤት ያጸዳል፤ ከዚያ ሦስት ቀን ይተኛል። ሥራውን መከፋፈል፣ ከመድከም በፊት ማረፍ፣ ሽንኩርት ቁጭ ብሎ መክተፍ፣ ከባዱን ለጠዋት መመደብ ይሻላል። ለእኛ ከባዱ ግን የሠፈሩ ግዴታ ነው። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ዕድር አለ። ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ቆሞ ማስተናገድ ያልቻለ ሰው ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሐዘኑን ገልጾ ቢመለስ አልቀረም። ይህን አስቀድሞ ለጎረቤት ማስረዳት ያለበት ቤተሰቡ ነው፤ ታማሚው ራሱን ሲከላከል መኖር የለበትም። ጾምም እንደዚሁ ነው። እስከ 9 ሰዓት መቆየት የሚያዝለው ምእመን የንስሐ አባቱን ያማክር፤ በእስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። በረመዳን የሚጾም ካለ ሌሊት ለሱሑር መነሣቱ ከእንቅልፉ የሚቀንሰውን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት።

ሥራን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር። በአገራችን የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያዛል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተመሳሳይ መብት ይሰጣል። ሥራ ከመልቀቅ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ፦ መቀመጫ፣ አየር የሚገባበት ክፍል፣ በማለዳ ገብቶ በጊዜ መውጣት፣ እኩለ ቀን ላይ አጭር ዕረፍት፣ ከሁሉም በላይ ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን መዛወር። በውጭ አገር ሁለት ሥራ ይዘው ሌሊቱን በሆስፒታል፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በታክሲ የሚያሳልፉ ወገኖቻችን ይህን የመጨረሻውን ሳይጠይቁ አይቅሩ።

ሐኪሞችና ነርሶች እዚህ ካላችሁ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እንዴት ታድራለህ?» በሉት። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ምርመራው በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ሽንትን፣ እግርን፣ ማንኮራፋትንና ሐሳብን ለይቶ መጠየቅ ይቻላል፤ ለአብዛኞቹ ደግሞ በእጃችን ያለ መፍትሔ አለ።

ታማሚዎች ሆይ፣ ከቀጠሮ በፊት ለሁለት ሳምንት በደብተር ጻፉ፤ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንቴ ተነሣሁ፣ ለምን ተነሣሁ፣ ቡና መቼ ጠጣሁ፣ ድካሙ በስንት ሰዓት በረታ። አዲስ የእግር መዛል፣ የዐይን መጥፋት ወይም መደንዘዝ መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ደብተሩን አትጠብቁ፤ ያን ቀን ሂዱ። ለሌላው ቀጠሮ ደግሞ ደብተሩን ብቻ ሳይሆን አንድ አልጋ ወይም አንድ ክፍል ውስጥ አብሯችሁ የሚያድረውን ሰው፣ ባልም ይሁን ሚስት፣ እናትም ትሁን ልጅ፣ ይዛችሁ ግቡ። ትንፋሻችሁ ሲቆም የሚሰማው እርሱ ነው።